ጅማ፣ ሆቴል ሳልይዝ

ጅማ ደርሰው የመጡ ጓደኞቼን ምን አያችሁ ስላቸው መልሱ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተመንግስት ገባን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቡና ጠጣን፣ በማግስቱ ተመለስን። ቤተመንግስቱ መታየት አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ጅማ የምትታወቀው ሰው ቤት ተገብቶ ነው፣ ቡናው ዛሬ ማን ቤት እንደሆነ፣ ገበያው መቼ እንደሚሞላ፣ አርብ ስንት ሰዓት ሱቅ እንደሚዘጋ የሚነግርሽ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚ በህዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ ሆቴል መያዙን ትቼ የጓደኛዬ እናት ጋር አረፍኩ። ሰፈሩ በሙሉ ኡሚ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ትንሽ አስተካክዬ ነው የማቀርበው።

ማክሰኞ

በአየር ጤና ወጥተን አለምገናን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ምሳ በላን። አዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎሜትር ነው፣ እስከ ወልቂጤ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ለአጨዳ የደረሰ ጤፍ ግራና ቀኝ፣ ብዙ የምጽፈው የለኝም።

ከወልቂጤ በኋላ ግን ሁሉ ነገር ይቀየራል። መኪናው ወደ ግቤ በረሃ መጠማዘዝ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ሰዉ አንድ በአንድ ጋቢና ጃኬት ማውለቅ ይጀምራል፣ ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ "ልጄ ሹራብሽን አውልቂው፣ አበልቲን ስንወጣ መልሰሽ ትለብሽዋለሽ" አሉኝ፣ እንዳሉትም ሆነ። ድልድዩን ስንሻገር ሁሉም ወደ ወንዙ አንገቱን ያወጣል፣ ሽማግሌው ይሄን መንገድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተመላልሰውበታል ግን እሳቸውም አንገታቸውን አወጡ። ከዛ ሽቅብ ነው፣ አበልቲ፣ ሳጃ፣ ሶኮሩ። ግልገል ግቤ አንድ በዚሁ አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ በ2004 ስራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው። ሽማግሌው ውሃው ከመተኛቱ በፊት ቦታው የግጦሽ ሜዳ እንደነበር፣ ከብት እየነዱ እንዳለፉበት ነገሩኝ።

አሰንዳቦን አልፈን ሰርቦ ስንደርስ ጅማ መቅረቧን በአፍንጫዬ አወቅኩ። በየቤቱ ደጃፍ ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ተሰጥቷል፣ ምንጣፍ ላይ፣ ሸራ ላይ፣ አንዳንዱ ቤት በረንዳው ላይ ሳይቀር፣ ልጆች በእግራቸው እየገፉ ያገላብጡታል። የሚደርቅ ቡና ሽታ ከተቆላው ጋር በጭራሽ አይገናኝም፣ ትንሽ የፈላ ፍራፍሬ፣ ትንሽ ጭድ ነገር አለው።

ቤት ስገባ ኡሚ ሻንጣዬን ከእጄ ወስደው "እንኳን በሰላም መጣሽ የኔ ልጅ፣ እግርሽን ታጠቢና ነይ፣ ቡናው አቦል ላይ ነው" አሉኝ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው እየጠበቁ ነበር፣ ማን ነሽ ከየት ነሽ ብሎ ያጣደፈኝ የለም፣ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ሲኒ ሰጡኝ፣ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ግማሹ አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ አንዱን አረፍተነገር በአንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል።

ረቡዕ

ጠዋት የነቃሁት በአዛን ነው፣ ከዛ በዶሮ፣ ከዛ ደግሞ በሙቀጫ ድምፅ። እዚ ሰፈር የጠዋቱ ቡና ተራ አለው፣ ዛሬ እዚ ቤት ከሆነ ነገ ከአጥሩ ወዲያ ነው፣ ባለተራዋ ልጅ ትልክና "ቡና ደርሷል" ትላለች፣ በቃ ሁሉም የያዘውን ትቶ ይሄዳል። የዛሬዋ ባለተራ አከራይ ናት፣ ግቢዋ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተው ይኖራሉ፣ ለፈተና ሲያጠኑ ያደሩ ሁለት ልጆች አይናቸውን እያሹ መጥተው አቦሉን ጠጥተው ሄዱ።

አቆላሏን ቁጭ ብዬ አየሁት። ምጣዱ ላይ ቡናው ሲፈነዳ ድምፁን እየሰማች ነው የምታቆመው፣ መጀመሪያ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ከዛ ፀጥ ይላል፣ እንደገና ቀጠን ያለ ፍንዳታ ሲጀምር ወዲያው አወረደችው። ጢሱን በየተራ ለሁላችንም አቀረበች፣ እኛም በእጃችን ወደራሳችን ሳብነው። የጀበናው አፍ ላይ ጤና አዳም፣ ሲኒው ውስጥ ደግሞ ቁንጥር ጨው። ስኳር ለኔ ብለው ሊያመጡልኝ ነበር፣ በጨው ይሁን አልኩ። የመጀመሪያው ፉት ላይ ምላስ ይደነግጣል፣ ሁለተኛው ላይ ምሬቱ የት እንደሄደ አይታወቅም፣ ቡናው ክብ ሆኖ ይቀራል፣ እኔ በበኩሌ ከዛ ወዲህ ስኳር አላስጨመርኩም። ከበረካ በኋላ በእድሜ የገፉት እናት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለሚፈተኑት ተማሪዎች፣ ለኔም እናት። እናቴን አያውቋትም።

ከሰዓት በኋላ ከኡሚ ትንሹ ልጅ ጋር በእግር ወጣን። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ እሱን ይዘን ወደ ፈረንጅ አራዳ ሄድን። ጣልያን እ.ኤ.አ ከ1936 እስከ 1941 ሲቆይ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር፣ የዛን ጊዜ ህንፃዎች አሁንም አሉ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ረጅም፣ ውስጣቸው ፎቶ ኮፒ ቤትና ልብስ ሰፊ ምናምን ገብቶባቸዋል። አቮካዶ ጁስ ጠጣን፣ ማንኪያ የሚያቆም ነው፣ እዚ አቮካዶ ከየግቢው ስለሚወርድ ማንም አይሰስትም።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ሹፌሩ ሌላ ሰው ሊጭን ሲቆም ኮንትራት ነው ልል አፌን ስከፍት ልጁ ቀድሞ ገባ በል ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ጅማ ውስጥ ባጃጅ የጋራ ነው፣ መንገድ ላይ የሚገባውም ሰላምታ ሳይሰጥ አይቀመጥም።

ሐሙስ

የሳምንቱ ትልቁ ቀን ይሄ ነው። የሂርማታ ገበያ ዛሬ ነው፣ ኡሚ ከለሊቱ ጀምሮ ዘንቢል ያዘጋጃሉ። ሂርማታ የዛሬ ነገር አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ትልቁ ገበያ ነበር፣ ያኔም የገበያው ቀን ሐሙስ ነበር፣ ነጋዴው ከጎንደርም ከወሎም በቅሎ ጭኖ እዚ ድረስ ይመጣ ነበር። ቡናና ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ጨው ይሸጥበት ነበር፣ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይሄን መጨረሻውን ማንም በጨዋታ መሃል አያነሳውም፣ እኔ ግን ዘንቢል ይዤ በዛ ግፊያ መሃል ስሄድ ከአእምሮዬ ሊወጣልኝ አልቻለም፣ እዚህም ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግኩም።

ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ፣ ከቀርሳ ሴቶች ተሸክመው ይገባሉ። ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ፣ ዝንጅብል ከነአፈሩ፣ ሙዝ በግንዱ። የጌራ ማር የምትሸጥ ሴት ጋ ቆምን፣ ነጩ ማር ከገተማ ዛፍ አበባ ነው፣ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል፣ ኡሚ በጣታቸው ቀምሰው ለኔም አቀመሱኝ። ብርዝ የሚሰራው ከዚ ነው አሉ፣ ማርና ውሃ ብቻ፣ ሳይሰክር የሚጠጣ።

ቡና አገዛዛቸውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ኡሚ የታሸገ ቡና አይገዙም፣ የተቆላማ ጭራሽ። ጀንፈሉን ነው የሚገዙት። እፍኝ አነሱና ጆሮአቸው ጋ ወስደው አንኮሻኮሹት። "ስሚ" አሉኝ፣ ሰማሁ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ከገለባው ተላቆ ይንቀጫቀጫል። ይሄ ደርቋል ማለት ነው። ቀጥሎ ካለችው ሴት አንስተው አንኮሻኮሹ፣ ድምፁ ድፍን ያለ ነው፣ "ይሄ ገና ነው፣ ቤት ሄዶ ይሻግታል" ብለው በቀስታ መለሱላት፣ ሴትዮዋ እንዳትሰማ። ከዛ አንዷን በጥርሳቸው ሰብረው ውስጧን አዩ፣ አሸተቱ፣ ከዛ በኋላ ነው "ሜቃ?"፣ ስንት ነው፣ ያሉት። ዋጋው ላይ የተነጋገሩት ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ነው። ቡናውን ካላወቅሽ ዋጋ መከራከሩ ምን ያደርግልሻል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

በገበያው ዳር በርጩማ የሚጠርቡት አሉ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሶስት እግር፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ፣ የትም ቦታ ሚስማር የለውም፣ ሙጫም የለውም። አንድ አባት ከዋንዛ ግንድ እየጠረቡ ነበር፣ እግሮቹን አውጥተው ጨርሰው መቀመጫውን በመጥረቢያ አፍ እየፋቁ፣ ስስ ስስ ፍቅፋቂ እግራቸው ስር ተከምሯል። "አባባ ለምን ሶስት እግር?" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ አራት ከሆነ ይወላገዳል፣ ሶስት ከሆነ የትም ትቀመጫለሽ" አሉኝ። ገዛሁት። ቀለም የተቀባውን ነበር መጀመሪያ ያየሁት፣ ኡሚ ናቸው ያስተዉኝ፣ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል፣ እንጨቱን እያየሽ ግዢ ብለው።

ከገበያ መልስ ምሳችን የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመን፣ አይብና ዳጣ ነበር። ከዛ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አርብ

አርብ ጠዋት ከተማው እንደማንኛውም ቀን ይነቃል፣ ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ግን ሱቁ እየተዘጋ ይሄዳል፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ጁምዓ ሰዓት ላይ ሱቅ ፍለጋ መዞር ከንቱ ነው፣ ኡሚ ቀድመው የምትገዢው ካለ ከአምስት ሰዓት በፊት ብለውኛል። ምሳ ከሶላት በኋላ ነው፣ የተጋቡት ልጆችም የልጅ ልጆችም ይመጣሉ፣ አንድ ትሪ ዙሪያ ስንቀመጥ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ኡሚ ሁለቴ ሶስቴ አጉርሰውኛል።

ከሰዓት ወደ ጅሬን ወጣን። ከከተማው ወደ 7 ኪሎሜትር ነው፣ ባጃጅ ይወጣል፣ እኛ ግን አጋማሹ ላይ ወርደን በእግር ቀጠልን ምክንያቱም የኡሚ ልጅ በዚ መንገድ ነው ንጉሡን ማየት ያለብሽ ብሎ ድርቅ አለ። ልክ ነበር። ሽቅብ እየወጣሽ ዞር ስትይ ጅማ በሙሉ ትታይሻለች፣ ማን ከየት እየመጣ እንደሆነ ከላይ ሆኖ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ከመድረስሽ በፊት ይገባሻል።

አባ ጅፋር ሁለተኛ እ.ኤ.አ ከ1878 እስከ 1932 ነው የነገሱት፣ ገና በወጣትነታቸው። ቤተመንግስቱ ባለ ፎቅ ነው፣ እንጨት የበዛበት፣ በረንዳው ላይ ያለው ቅርጽ በጣም የተለፋበት፣ ከጎኑ መስጊዱ አለ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ንጉሡ ቁመት ነው፣ ከሁለት ሜትር በላይ ነበሩ ይባላል። እኔን የሳበኝ ግን እናትየዋ ናቸው፣ ገኔ ጉሚቲ። ምኒልክ ሲመጡ ከመዋጋት ይልቅ ግብር ከፍሎ አገርን ማዳን ይሻላል ብለው ልጃቸውን የመከሩት እሳቸው እንደሆኑ ነው የሚነገረው። አካባቢው በጦርነት ሲታመስ ጅማ በስምምነት ገባች፣ ንጉሡም ለብዙ አመታት የራሳቸውን አስተዳደር ይዘው ቆዩ። ለኡሚ ማታ ይሄን ሳወራላቸው ምንም አልተገረሙም፣ "እናት አይደሉ እንዴ" ብለው ሩዛቸውን መልቀም ቀጠሉ።

የንጉሡ የቤት እቃ ከተማ ውስጥ ባለው ሙዚየም ነው ያለው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ እኔ ግን ጅሬንን ብቻ አይቼ ቁጭ ማለት ነው የመረጥኩት፣ በረንዳው ላይ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር።

ቅዳሜ

አጋሮ። ከጅማ 45 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ሄድን፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው፣ ግን ቡና ነው ብሎ ያልነገሩት ሰው ጫካ ነው የሚለው ምክንያቱም ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ጥላ ጥሎበታል፣ ቡናው ከስር ነው ያለው።

የኡሚ ዘመዶች ማሳ ላይ ለቀማ ላይ ናቸው። እንግዳ ነሽ ተቀመጪ ምናምን የለም፣ ቅርጫት ወገቤ ላይ ታሰረልኝና ገባሁ። አለቃቀሙን ያሳየችኝ የቤቱ ልጅ ናት። ቀዩን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ትንሽ መጠምዘዝ፣ መጎተት የለም፣ ከጎተትሽው አንጓው ይላጥና ቅርንጫፉ ይጎዳል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም አብሮ አለ፣ ስለዚ አንዱን ዛፍ ተመላልሰው ነው የሚለቅሙት። እሸቱን አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ልጣጩ ስስ ነው፣ ውስጡ የሚያዳልጥ ጣፋጭ ነገር አለው፣ ቡና ቡና በጭራሽ አይልም። ቅርጫቴ ሩብ ሲሞላ የሷ ሞልቶ ለሁለተኛ ጊዜ ልታራግፍ ሄዳለች። ጠዋት የምንጠጣው አንድ ጀበና ስንት ጊዜ እንዲህ ጎንበስ ቀና ተብሎ እንደሆነ ያኔ ነው በወገቤ የገባኝ።

አባቷ ዛፎቹን በቁጥር ነው የሚጠሯቸው። "ይሄ 74110 ነው፣ ያ 74112" ይላሉ። እ.ኤ.አ በ1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ፍሬው ዛፉ ላይ እየጠቆረ ገበሬው ባዶ እጁን ሲቀር ነው ነገሩ የተጀመረው። ከጅማ 12 ኪሎሜትር ላይ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከጫካ መርጦ አባዛ፣ 74 የሚለው የተመረጡበት አመተ ምህረት ነው፣ በፈረንጆቹ። የሚገርመው ግን እኚህ አባት የድሮውንም አልነቀሉም፣ ጓሮ አካባቢ አያታቸው የተከሉት አለ፣ የሚጠጡት እሱን ነው።

እሸቱ ማታ ወይ ማጠቢያ ጣቢያ ይሄዳል ወይ ቤት ይሰጣል። ወደ ጣቢያ የሚሄደው በዛው ቀን መድረስ አለበት፣ ካደረ ይፈላና ጣዕሙ ይበላሻል፣ ስለዚ አመሻሹ ላይ መንገዱ በሙሉ ጆንያ የጫነ አህያና ሞተር ነው። ቤት የሚቀረው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ቀን ቀን ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፣ ያ ነው ሐሙስ ገበያ ላይ ኡሚ ጆሮ ላይ የሚያንኮሻኩሹት ጀንፈል።

ጎማ ወረዳ ጮጬም እዚሁ ነው፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ተብሎ የሚታወቀው። ካሊድ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ የሚለው ታሪክ እዚ ተረት ተብሎ አይወራም፣ ቦታውን በጣት ያሳዩሻል። ቦንጋ ብትሄጂ ደግሞ እኛ ነን ይላሉ፣ እዚ ማኪራ የሚባል ቦታ ነው የተገኘው ይላሉ። እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ሁለቱም ቤት ያለው ቡና የገዛ ጓሮ ቡና ነው።

እሁድ

ጠዋት ቦዬ ሄድን፣ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ረግረጉ ውስጥ ጉማሬ አለ። እኛ ስንሄድ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው ያየነው ግን ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ሳሩ መሃል ጥንድ ሆነው ሲሄዱ አየን፣ ለኔ እሱ በቂ ነበር። የባጃጁ ሹፌር ሙሉ መንገዱን ስለ እግር ኳስ ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር ነው ያወራን፣ በ2010 ዓ.ም ፕሪምየር ሊጉን በወሰዱ ጊዜ ከተማው ስንት ሰዓት ድረስ እንዳልተኛ፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር፣ እሱ ባጃጁ ላይ ስንት ሰው ጭኖ እንደዞረ።

ከሰዓት የቡናው ተራ የኡሚ ነበር፣ ኡሚ ደግሞ ምጣዱን ለኔ ሰጡኝ። ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። ጠጠሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ፀጥታውን ጠበቅኩ፣ ቀጭኑ ሲጀምር አወረድኩ። አከራይዋ ጎረቤት አቦሉን ፉት ብላ "ማሻአላህ፣ ጨው ጨምሪበት እንጂ" አለች፣ ቶናው ላይ ጨመርኩ።

በማግስቱ መናኸሪያ ስሄድ ዘንቢሌ ውስጥ ጀንፈል፣ ኮረሪማና የጌራ ማር ነበር፣ በርጩማውን ረዳቱ ጣራ ላይ ሊያስር ሲል እቅፌ ውስጥ ይሁን አልኩት። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት አገላብጣ አየችውና የት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ሂርማታ፣ ሐሙስ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ሂጂ፣ ቀለም የተቀባውን እንዳትወስጂ አልኳት።